ላሜራና ሱፍ፦ በመኪና ውስጥ ለሚያድር ሰው የሚበጅ ብርድ ልብስ

መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው የሚተኛው በላሜራ ሳጥን ውስጥ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ የመኪና አካል ግን ፀሐይ እንደጠለቀች ከውጭው አየር ጋር እኩል ይቀዘቅዛል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ጭራሽ ከአየሩም በታች ይወርዳል፤ ጣሪያው ሙቀቱን ወደ ክፍት ሰማይ ይለቃልና። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይ ሆኖ ሳለ ጠዋት የመኪናው መስታወት ላይ ውርጭ ተጋግሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቀው መንገድ ሳንቃበርን አልፎ እስከ ጨነቅ ድረስ መኪና ያስገባል። ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,620 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከጎንደር ከተማ በ1,500 ሜትር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ሒሳብ ጎንደር ላይ ሌሊቱ 12 ዲግሪ ሲሆን ጨነቅ ላይ 2 ዲግሪ ቢሆን አይደንቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ሰማዩ ደመና የለውም። ቀን በሸሚዝ ሲዘዋወር የዋለ መንገደኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጃኬቱን፣ ጋቢውንና ኮፍያውን አንድ ላይ ደርቦ ይገኛል። በባሌ የሳነቴ አምባም ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፤ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ያልፋልና።

አዲስ አበባ ውስጥ ዶልፊን ወይም አባዱላ እየተባለ ሰው የሚያመላልሰው ቶዮታ ሃይኤስ በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ወንበሩ ወጥቶ አልጋ ተዘርግቶለት የጉዞ ቤት ይሆናል። የዚህ ዓይነቱን መኪና በዓለም ያስተዋወቀው ቮልስዋገን በ1950 እ.ኤ.አ. ማምረት የጀመረው ሚኒባስ ነው፤ በዓመቱ ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ተነቃቃይ አልጋና ቁም ሣጥን ሠራለት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በመኪና ማደር ራሱን የቻለ የጉዞ ዓይነት ሆኗል። መኪናው ይለያይ እንጂ የሌሊቱ ጥያቄ አልተለወጠም። ሞተር ጠፍቶ፣ ማሞቂያ ሳይኖር፣ በላሜራው ውስጥ እስከ ንጋት እንዴት ይታደራል?

ብርዱ የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ውሃ ነው፤ ብርድ ልብስ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ገደማ እርጥበት ያወጣል። ሁለት ሰዎች ስምንት ሰዓት ቢተኙ ከ600 ግራም ያልፋል። በአንድ ሃይኤስ ውስጥ ያለው አየር 6 ሜትር ኩብ ገደማ ሲሆን፣ 10 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ውሃ ከ9 ግራም እምብዛም አይበልጥም። መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ተደርጎ ቢዘጋ አየሩ መያዝ የሚችለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። የተረፈው ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። የሚያርፈውም መስታወቱ ላይ፣ ላሜራው ላይና ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለመኪና የሚመረጥ ብርድ ልብስ በሙቀቱ ብቻ አይለካም። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ እየተቀበለ ሙቀቱን የማይጥል መሆን ይኖርበታል። ሱፍ ከሌሎቹ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

ጠጉሩ እንዴት ያሞቃል

ብርድ ልብስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ሙቀት የሚፈጥረው የተኛው ሰው ነው። የብርድ ልብሱ ሥራ አየርን ባለበት ማስቆም ነው። ያልተንቀሳቀሰ አየር ከማንኛውም ጨርቅ ይልቅ ሙቀትን ያግዳል፤ ቃጫው ራሱ ከአየሩ ብዙ እጥፍ ሙቀት ያስተላልፋል። ከጥሩ የሱፍ ብርድ ልብስ መጠን አብዛኛው አየር መሆኑም ለዚህ ነው። አንዲት የበግ ጠጉር ነቅሎ በብርሃን ላይ ላያት ሰው ምክንያቱ በዓይን ይታያል። ቀጥ ብላ አትቆምም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጥመለመለች ትሄዳለች። በሁለት ጣት ጎትቶ ቀጥ አድርጎ ሲለቋት መልሳ ትጠቀለላለች። እንዲህ ዓይነት ብዙ ሺህ ጠጉሮች ሲገናኙ ተጣብቀው አይተኙም፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ በመካከላቸው ቀዳዳ ይተዋሉ። በቀዳዳው ውስጥ የታሰረው አየር ነው ሌሊቱን የሚያሳልፈው።

የእርጥበቱ ነገር ከዚህ ይረቅቃል። የሱፍ ላይኛ ቅርፊት ውሃን ይገፋል፤ ጠብታ ቢወድቅበት ለጊዜው እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ይወርዳል። ውስጡ ግን ተን ይቀበላል። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ወደ ውስጡ ስቦ፣ ሲዳሰስ እርጥብ ሳይመስል ሊቆይ ይችላል። 20 ዲግሪ ሙቀትና 65 በመቶ እርጥበት ባለው ተራ አየር ውስጥ የተቀመጠ ሱፍ ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል ውሃ ይዟል፤ በዚያው አየር ጥጥ የሚይዘው የዚያን ግማሽ ነው፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይደርስም። ከዚህም በላይ ሱፍ ተኑን ሲቀበል ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ደረቅ ብርድ ልብስ ተገልጦ የሌሊቱን እርጥበት መሳብ ሲጀምር መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ለዘብ ያለ ሙቀት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ሙቀት ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም፤ ሱፉ ሲደርቅ መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ የሱፍ ብርድ ልብስ ቀን በደንብ ከደረቀ ብቻ ነው ማታ በሙሉ አቅሙ የሚሠራው።

ፖሊስተር ተን አይቀበልም። ብርድ ልብሱን አልፎ የወጣው ተን ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውሃ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠባል፤ ወይም ብርድ ልብሱ ላይኛው ፊት ላይ ጤዛ ሆኖ ያድራል። ጥጥ በተቃራኒው ውሃውን በሙሉ ልብ ይቀበልና ጠግቦ ይረጥባል፤ ከረጠበ በኋላ ቃጫዎቹ ተኝተው አየሩን ያስወጣሉ፤ ቶሎም አይደርቅም። ጋቢ ለደጋ ሰው የታወቀ ባለውለታ ቢሆንም፣ አራት ድርብ የሆነው ጥጥ ለአንድ ሌሊት እንጂ ሳይደርቅ ለተደራረቡ ሌሊቶች አይሆንም። በመኪና ውስጥ የጋቢ ትክክለኛ ቦታ በቆዳና በሱፍ መካከል ነው። ሱፉን ከወዝና ከላብ ይጠብቃል፤ ከሱፉ በቀላሉ ተለይቶ ይታጠባል፤ የሻካራ ሱፍን ማሳከክም ያስቀራል።

ማሳከኩ አለርጂ ነው የሚባለው ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ጉዳዩ የጠጉሩ ውፍረት ነው። ወፍራም የጠጉር ጫፍ ቆዳ ላይ ሲያርፍ አይታጠፍም፤ ይወጋል። ድንበሩ 30 ማይክሮን ገደማ ነው። የሜሪኖ በግ ጠጉር ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ ይለሰልሳል። የደጋ በጎች ጠጉር ወፍራሙንና ቀጭኑን ቀላቅሎ የያዘ ስለሆነ ይኮሰኩሳል። ይህ ማለት ግን ሜሪኖ ይሻላል ማለት አይደለም። ወፍራሙ ጠጉር ጠንካራ ነው፤ ቢጨፈለቅም ይነሳል፤ በዕቃ መካከል ተጨቁኖ ለሚጓዝ ብርድ ልብስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልስላሴን ለሙቀት ምልክት አድርጎ መውሰድ በሱቅ ውስጥ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ሚዛን፣ ሽመናና መርገጥ

የብርድ ልብስን ሙቀት በእጅ ጨብጦ መገመት ያሳስታል፤ ሚዛን አያሳስትም። ክብደቱ በስፋቱ ይካፈላል። 1.6 ሜትር በ2.2 ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ስፋቱ ከ3.5 ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ከሆነ በካሬ ሜትር 570 ግራም ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህ ለውርጭ ሌሊት የሚታመን ነው። ያው ስፋት ያለው አንድ ኪሎ ተሩብ ቢመዝን በካሬ ሜትር ወደ 350 ግራም ይወርዳል፤ ለአዲስ አበባ የክረምት ምሽት ይበቃል፤ ለጨነቅ ግን ብቻውን አይበቃም። ነጋዴው ሚዛን ባይኖረው የሻንጣ መመዘኛ ይዞ መሄድ ነውር የለውም።

ሚዛኑ እኩል የሆነ ሁለት ብርድ ልብስ ግን እኩል ላያሞቅ ይችላል፤ ልዩነቱ በሽመናው ነው። ድርና ማጉ ጠብቆ፣ ፈትሉ ከሮ የተሠራው ነፋስ ያግዳል፤ አየር ግን እምብዛም አይዝም። ፈትሉ ላላ ብሎ ተፈትሎ፣ ከተሸመነ በኋላ ፊቱ ተበጥሮ ጠጉሩ የተነሳው ብዙ አየር ይይዛል። መኪና ውስጥ ነፋስ የለም፤ ላሜራው የማይረባ ሙቀት ጠባቂ ይሁን እንጂ ነፋስን ፈጽሞ ያቆማል። ስለዚህ ለድንኳንና ለእረኛ የሚመረጠው ጥብቅ ሱፍ ለመኪና የግድ አይደለም፤ እዚህ ላላ ያለውና ፊቱ የተበጠረው ይመረጣል።

ሌላው የጥራት ምንጭ መርገጥ ነው። የሱፍ ጠጉር ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የተደረደረ ስለሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ጠጉሮቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ጨርቁ ይኮማተራል፤ ይወፍራል። ሳያውቅ የሱፍ ሹራቡን በፈላ ውሃ ያጠበ ሰው ይህን በኪሳራ ተምሮታል። ብርድ ልብስ ሠሪዎች ግን ሆን ብለው ያደርጉታል። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድሻየር የምትገኘው ዊትኒ ከተማ ለዘመናት በዚህ ሥራ የታወቀች ነበረች፤ በዊንድረሽ ወንዝ የሚንቀሳቀሱ መዶሻዎች የተሸመነውን ሱፍ እየደበደቡ ያወፍሩት ነበር። የሀድሰን ቤይ ኩባንያ ወደ ካናዳ ይልካቸው የነበሩት ባለ ቀለም መስመር ብርድ ልብሶች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚያች ከተማ ነው። በእነዚህ ብርድ ልብሶች ጠርዝ ላይ የተሸመኑ አጫጭር ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ የብርድ ልብሱን ዋጋ በቢቨር ቆዳ ቁጥር ያመለክታሉ የሚል ወሬ ዛሬም ይነገራል፤ ስሕተት ነው። መስመሮቹ የሚያመለክቱት ጨርቁ ተረግጦ ከተኮማተረ በኋላ የሚኖረውን መጠን ነው፤ ገዢው ጥቅሉን ሳይፈታ መጠኑን እንዲያውቅ። ኩባንያው በ2025 እ.ኤ.አ. መደብሮቹን ቢዘጋም ብርድ ልብሶቹ በየቤቱ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፉ ይገኛሉ። የዊትኒ የመጨረሻው ፋብሪካ የተዘጋው ቀደም ብሎ በ2002 እ.ኤ.አ. ነበር።

በአሜሪካ የሚኖር ሰው በኦሪገን የሚሠራውን ፔንድልተን፣ በሚኒሶታ የሚሠራውን ፋሪቦ በሱቅ ያገኛል፤ ሁለቱም ዋጋቸው የሚያስደነግጥ ነው። ከዴንቨር ወጥቶ በሮኪ ተራሮች መኪናው ውስጥ ለሚያድር ሰው የወታደር ትርፍ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች የተሻለ ይጠቅሙታል። የወታደር ብርድ ልብስ ውበት የለውም፤ ይኮሰኩሳል፤ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ዋጋውም ለሰው ይቀርባል።

መንዝና ደብረ ብርሃን

በኢትዮጵያ የሱፍ ብርድ ልብስ አገር የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ በግ የሚሸለት ሱፍ የለውም፤ ያለው አጭር ጠጉር ነው። የመንዝ በግ ግን ከጥቂቶቹ ባለ ሱፎች አንዱ ነው፤ ትንሽ፣ ላተ ሰፊ፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ። ሱፉ ከላይ ሻካራ ጠጉር፣ ከሥር ደግሞ ለስላሳ ብርድ መከላከያ አለው። በጓሳ ሣር በተሸፈነው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው አገር የሚኖር ሰው ይህን ሱፍ ዝተትና ባና አድርጎ ለብሶታል፤ በርኖስም ሠርቶበታል። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ነጩ ከነጭ በግ የመጣ ነው፤ ወዙ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ስለማይወጣ አዲስ ዝተት ሲሸተት የበጉ ጠረን አለው። ይህ ጠረን ብዙ የከተማ ገዢ ያሸሻል። ወዙ ግን ውሃ ይገፋል፤ ጠረኑም ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ከጊዜ በኋላ ይቀንሳል።

ዝተት የሚገዛ ሰው መጋጠሚያውን ማየት አለበት። የባህል መሸመኛ ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ብርድ ልብሱ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጨርቅ ተጋጥሞ ይሰፋል። እጅን ከሥሩ ሰዶ ወደ ብርሃን ማንሳት ይበቃል። በስፌቱ መስመር ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ብርዱም እዚያው ያልፋል። ስፌቱን ድጋሚ ማሰፋት ቀላል ሥራ ነው፤ ዋጋ ለመከራከርም ይረዳል።

ከቤት ሽመና ጎን ለጎን ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1957 ዓ.ም. ነበር። ከተማዋ 2,800 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ የገበሬውን ባቄላ የሚያጠቁርባት አገር ናት፤ ብርድ ልብስ ሌላ ቦታ ይሠራ ቢባል የሚያስቅ ነው። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሽመናው እኩል፣ ጠርዙ የተከፈፈ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። የእጁ ዝተት ከበድና ሻከር ይላል፤ ግን ይከርማል። ለመኪና የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ በቦታ ይወሰናል። ጠባብ መኪና ላይ የፋብሪካው ይታጠፋል፤ ዝተት ግን እምቢ ባይ ነው፤ ተጠቅልሎም ቢሆን አንድ መቀመጫ ይፈልጋል።

በመርካቶ ሱፍ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሱፍ አይደለም። አበባ ወይም አንበሳ የታተመበት፣ ሲዳሰስ እንደ ድመት ቆዳ የሚለሰልሰው ከባድ ብርድ ልብስ ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ነው። ያሞቃል፤ ለቤት አልጋ ምንም አይልም። በመኪና ውስጥ ግን ከላይ የተባለው የውሃ ጣጣ አለበት። ማወቂያው ቀላል ነው። ከጠርዙ ላይ አንድ ክር ይነቀልና ከሱቁ ውጭ በክብሪት ይለኮሳል። ሱፍ ከሆነ በግድ ይነድዳል፤ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፤ የሚሸተው የተቃጠለ ጠጉር ነው፤ የቀረው ጥቁር አመድ በጣት ሲታሽ ይፈረፈራል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጣል፤ ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ የጠጠረ ነገር ይቀራል። ነጋዴው በፈተናው ከተቆጣ ያም አንድ መልስ ነው።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ድጋሚ የተፈተለ ሱፍ አለ። አሮጌ ሹራብና ኮት ተበጣጥሶ እንደገና ይፈተላል። ሙያው በ1813 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዮርክሻየር የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ከትልልቅ ማዕከሎቹ አንዷ የሕንድ ከተማ ፓኒፓት ናት። በአደጋ ጊዜ ለእርዳታ የሚከፋፈለው ግራጫ ብርድ ልብስ ብዙው የዚያች ከተማ ሥራ ነው። ድጋሚ ሲፈተል ጠጉሩ ስለሚቆራረጥ ብርድ ልብሱ ብናኝ ይረግፈዋል፤ ጥንካሬም የለውም፤ የሱፉ ድርሻም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ርካሽ ስለሆነ ፍራሹ ላይ ለሚነጠፈው ንብርብር መጠቀም ብልኅነት ነው፤ ከላይ ለሚለበሰው ግን አያስተማምንም።

ከሥር የሚመጣው ብርድ

መኪና ውስጥ ሌሊቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው ብርድ ልብስ ማነስ አይደለም። ሰውየው ሦስት ደርቦ ይተኛና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወገቡ ቀዝቅዞ ይነቃል። ከሥር የተነጠፈ ማንኛውም ለስላሳ ነገር በሰውነት ክብደት ይጨፈለቃል፤ አየሩ ሲወጣ ሙቀት ማገዱም ይቀራል። ከፍራሹ ሥር ደግሞ ላሜራ አለ፤ ከላሜራው ሥር ነፋስ የሚመላለስበት ክፍት ቦታ። አልጋው ከወለሉ ከፍ ብሎ በእንጨት የተሠራ ከሆነም ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው አየር እንደ ውጭው ቀዝቃዛ ነው።

ለዚህ መፍትሔው በእያንዳንዱ የገጠር ቤት አለ፤ አጎዛ። ከነሱፉ የለፋ የበግ ቆዳ ላይ ሱፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቆዳው ከሥር ሥሩን ይይዝለታል። ሰው ሲተኛበት እንደ ተሸመነ ጨርቅ ልጥፍ አይልም፤ ይለዝብና መልሶ ይገፋል። ሁለት አጎዛ ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ ከትከሻ እስከ ጭን ቢደርስ በቂ ነው፤ እግር ሥር ክብደት ስለሌለ ሌላ ነገር ቢነጠፍም ያገለግላል። አጎዛ የሌለው ሰው ቀዳዳዎቹ የተዘጉ የአረፋ ምንጣፍ ከፍራሹ ሥር ያንጥፍ፤ የታጠፈ ሱፍም ከላዩ ይጨመር። አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ በእጅ ካለና ከላይ ወይስ ከሥር የሚለው ቢያጠራጥር፣ ውርጭ ባለበት ሌሊት ከሥር ማድረጉ ያዋጣል።

መጠኑም ከቤት አልጋ ይለያል። በቤት ሰፊው ይመረጣል፤ በመኪና ግን ጎኑ ከላሜራው ጋር የሚነካካ ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ የወረደውን ውሃ ይስባል፤ ጠዋት ጠርዙ ረጥቦ ይገኛል። ስፋቱ የተኛውን ሰው ሸፍኖ ከጎን በፍራሹ ሥር የሚገባ ያህል ይሁን። ርዝመቱ ላይ ግን መቆጠብ አይገባም፤ ከቁመት 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ትርፉ እግር ሥር ይታጠፋል። ሁለት ሰዎች ለየራሳቸው ብርድ ልብስ ቢኖራቸው ይሻላል፤ አንዱ ሲገላበጥ በመካከል የሚከፈተው ቀዳዳ የሁለቱንም ሙቀት ይወስዳልና። ባልና ሚስት በዚህ አይስማሙ ይሆናል፤ ያኔ ሁለቱ ጠባብ ብርድ ልብሶች ተደራርበው ከላይ አንድ ሰፊ ይጨመር።

ሁለት ቀጭን ከአንድ ወፍራም ይመረጣል፤ በመካከላቸው አየር ይይዛሉ፤ በየተራ ይደርቃሉ፤ ሞቃት ሌሊት ሲመጣ አንዱ ይነሳል። የላባ ብርድ ልብስ ላለው ሰው ቅደም ተከተሉ ትኩረት ይፈልጋል። ላባ የሚያሞቀው ተነፍቶ ሲቆም ነው፤ ሁለት ኪሎ ሱፍ ከላዩ ቢጫን ይጨፈለቃል። ሱፉ ወደ ሰውነት፣ ላባው ወደ ላይ ይሁን። ከጣሪያው ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ብቻ ስስ ሱፍ ከላባው በላይ ጣል ማድረግ ይጠቅማል፤ ላባ ከረጠበ ዋጋ የለውም።

እሳትና አያያዝ

ሱፍ በመኪና ውስጥ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያት አለው። ምግብ የሚበስለው ከአልጋው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ሱፍ እሳት የሚይዘው 570 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ሲይዝም አይቀልጥም፤ ቆዳ ላይ አይጣበቅም። ፖሊስተር በ250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ብልጭታ የወደቀበት ሱፍ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይይዝና ይቀራል።

ጥሩ ብርድ ልብስ ከዚህ የባሰ አደጋም ያስቀራል። ብርድ የጠናበት ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኪናው ለማስገባት ይፈተናል፤ ወይም የጋዝ ምድጃውን እንደበራ ይተኛል። በተዘጋ ቦታ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፤ አይታይም፤ የተኛው ሰው ራስ ምታት እንኳ ሳይሰማው ይሞታል። ከሰሉ ነጭ አመድ ለብሶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይጠፋም። በመኪና ውስጥ እሳት የሚባል ነገር አይታደርበትም፤ ይህ ምርጫ የለውም። እንዲያውም ሁለት መስኮት በአንድ ጣት ስፋት ተከፍቶ መታደር አለበት፤ ለእርጥበቱም ሲባል። ሙቀት ያባክናል ብሎ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ሰው ከአየሩ ያተረፈውን ሙቀት በረጠበ ብርድ ልብስ ይከስረዋል።

ጠዋት ሱፉ ከመታጠፉ በፊት ይሰጣል። ፀሐይ ካለ የመኪናው በር ላይ ወይም ቁጥቋጦ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል፤ ፀሐይ ከሌለ በወንበሮቹ ላይ ተዘርግቶ መስኮት ይከፈትለታል። እርጥቡን አጥፎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ማታ የረጠበ መኝታ ማዘጋጀት ነው። ሱፍ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም፤ ሽታ የሚይዘው በትንሹ ስለሆነ ነፋስና ፀሐይ አብዛኛውን ያጸዱለታል። መታጠብ ካለበት ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ሶዳ በሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽ ተነክሮ ይወጣል፤ አይጠመዘዝም። ጫፉ ተይዞ ከተሰቀለ ውሃው ጎትቶ ስለሚያረዝመው ሣር ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

የሱፍ ዋና ጠላት ብል ነው። የሚበላው የሚበርረው ቢራቢሮ ሳይሆን ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው፤ ጨለማና ላብ የነካው ሱፍ ይወዳል፤ የተዘጋ የመኪና መሳቢያ ለእርሱ የተዘጋጀ ቤት ነው። ተቦርሾ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በደንብ የደረቀ ብርድ ልብስ በታሰረ ከረጢት ከገባ አይደርስበትም። ብል ከገባበት ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቢቆይ እንቁላሉም ትሉም ይሞታሉ። ጉዞ በማይኖርባቸው የክረምት ወራት ብርድ ልብሱ ከመኪናው ወጥቶ ቤት ውስጥ በደረቅ ሣጥን ይቀመጣል፤ በየወሩም ተገልጦ ይራገፋል።